የጉድጓድ ውኃን ማስመርመር፦ ከመቂ የወሰድናቸው ሁለት ናሙናዎችና የአንድ ላቦራቶሪ አገልግሎት

በመቂ ከተማ ዳር፣ በወላጆቼ ግቢ ውስጥ፣ አባቴ ከሃያ ዓመት በፊት ያስቆፈሩት 14 ሜትር ጥልቀት ያለው የእጅ ጉድጓድ አለ። ቤተሰቡ ለልብስ፣ ለአትክልትና ለከብት ሲገለገልበት የኖረ ሲሆን፣ የቧንቧ ውኃ በሚጠፋባቸው ቀናት ለመጠጥም እንቀዳለን። ባለፈው ዓመት እህቴ ወልዳ ለመታረስ ወደ እናታችን ቤት መጣች። ጡቷ እንደሚፈለገው አልወርድ ስላላት ሐኪሙ ለሕፃኑ በጡጦ የሚሰጥ የዱቄት ወተት አዘዘለት። ይህ ውኃ በውስጡ ምን እንዳለበት በቤታችን ውስጥ አንድም ሰው በእርግጠኝነት ሊናገር እንደማይችል ያስተዋልነው ያን ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የግል የውኃ ምርመራ ላቦራቶሪ የሄድነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህ ጽሑፍ የዚያ አገልግሎት ግምገማ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር፦ የናሙና አቀባበላቸውና የባለሙያዎቻቸው ዕውቀት የሚመሰገን ነው፤ ውጤቱን የሚጽፉበት ወረቀት ግን ባንጠይቅ ኖሮ ሕፃኑን ለአደጋ ሊያጋልጥ የሚችል ጉድለት ነበረበት። የጉድጓድ ውኃ የሚጠጣ ቤተሰብ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲያስመረምር አጥብቄ እመክራለሁ፤ ነገር ግን ምን እንደሚያስመረምር አውቆ መሄድ ይኖርበታል።

ከአገልግሎቱ ሁሉ የላቀው ክፍል ናሙና ከመቀበላቸው በፊት የሚያስሞሉት ሁለት ገጽ ቅጽ ነው። የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የተቆፈረበትን ዘመን፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ቀለበት የተገነባ መሆን አለመሆኑን፣ አፉ በምን እንደሚከደን ይጠይቃል። ቀጥሎም መጸዳጃው ስንት ሜትር እንደሚርቅና ከጉድጓዱ ከፍ ባለ ወይስ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ እንደሚገኝ፣ የከብት በረት በየት በኩል እንዳለ፣ በአቅራቢያው የሚታረስ መሬት ካለ ምን ዓይነት ማዳበሪያና ፀረ ተባይ መድኃኒት እንደሚጣልበት፣ የነዳጅ ማደያ፣ ጋራዥ፣ የመቃብር ቦታ ወይም የቆሻሻ መጣያ ስለመኖሩ ይጠይቃል። አባቴ የጥያቄው ብዛት አሰልችቷቸው፣ «ውኃውን ነው ያመጣነው፤ ስለ ጎረቤት ምን አገባቸው?» ብለው ነበር። ናሙና የተቀበለችን ባለሙያ ግን በትዕግሥት አስረዳቻቸው። «አባባ፣ ውኃው ውስጥ ምን ሊኖር እንደሚችል የሚነግረን ከላይ ያለው መሬት ነው፤ ሳናውቅ ሁሉንም እንፈልግ ብንል ገንዘብዎ ያልቃል» አለቻቸው።

አነጋገሯ ትክክል ነበር። የከርሰ ምድር ውኃ ብክለት ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ምን እንደሚለካም አይታወቅም። ለምሳሌ ከመሬት በታች የተቀበረ የነዳጅ ታንከር ቢያፈስ፣ ቤንዚን ከውኃ ስለሚቀል በከርሰ ምድር ውኃው ወለል ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል፤ ብረታ ብረትን ለማጠብና ልብስን በደረቅ ለማጽዳት የሚያገለግሉት ክሎሪን ያለባቸው ማሟሟቻዎች ግን ከውኃ ስለሚከብዱ ወደ ታች እየሰመጡ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ናሙና መፈለግ አያዋጣም። በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በአቃቂ ወንዝ ዳርቻ ጉድጓድ ያለው ሰው ደግሞ ክሮሚየምን ማሰብ አለበት፤ ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ ለማልፋት የክሮሚየም ጨው ይጠቀማሉና። ድሬዳዋ ላይ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የከተማዋ የከርሰ ምድር ውኃ በናይትሬት መበከሉ በጥናት የተረጋገጠ ሲሆን፣ ከዋና ዋናዎቹ ምንጮች አንዱ በየቤቱ የተቆፈረው የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው።

የእኛ ግቢ መልስ እንደሚከተለው ነበር፦ መጸዳጃው ከጉድጓዱ 12 ሜትር ይርቃል፤ የሚገኘውም ከፍ ባለው በኩል ነው። ከአጥሩ ማዶ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚለማበት ማሳ አለ፤ መቂን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ዩሪያ ይበተናል፤ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል መድኃኒት ይረጫል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከተማዋ የቆመችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ባለሙያዋ ቅጹን አንብባ ሦስት ነገሮች አሰመረችበት፦ ጀርም፣ ናይትሬትና ፍሎራይድ። አንዱ ከሰው፣ አንዱ ከሰውና ከእርሻ፣ አንዱ ከድንጋዩ ከራሱ የሚመጣ ነው።

በመጸዳጃና በውኃ ጉድጓድ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር ርቀት መኖር አለበት የሚለው የተለመደ መመሪያ በዋናነት የሚመለከተው ጀርሞችን ነው። ባክቴሪያዎች በአፈር ውስጥ ሲጓዙ ይጣራሉ፣ ጊዜ ሲያልፍባቸውም ይሞታሉ። መመሪያው ይህን መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ አሸዋማና ደቃቅ አፈር ባለበት ቦታ በቂ ሊሆን ቢችልም፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ግን ውኃ በስንጥቁ በፍጥነት ስለሚያልፍ ዋስትና አይሆንም። ናይትሬት ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የሽንት ናይትሮጅንም ሆነ የዩሪያ ማዳበሪያ መጨረሻው ናይትሬት ሲሆን፣ ናይትሬት አሉታዊ ኤሌክትሪክ ስላለው የአፈር ቅንጣቶች አይዙትም፤ አየር በሚገባው አፈር ውስጥ አይጣራም፣ አይሞትም፣ ከዝናቡና ከመስኖው ጋር ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ናሙና አወሳሰዱን በተመለከተ የሰጡን መመሪያ ግልጽና ጥብቅ ነበር። ለጀርም ምርመራ የታሸገ ንጹሕ ጠርሙስ፣ ለኬሚካሉ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ለብረታ ብረት ደግሞ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ የተጨመረበት ትንሽ ጠርሙስ ሰጡን። ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ስለሚጣበቅ በብርጭቆ ጠርሙስ የመጣ ናሙና እንደማይቀበሉ ነገሩን። ለጀርም የተወሰደው ውኃ በበረዶ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ መድረስ ስላለበት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቀድተን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳይሞላ አስረከብን። ከመቂ አዲስ አበባ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ የሚርቅ ሰው ግን ይህን ሰዓት ማሟላት ይከብደዋል። ላቦራቶሪው ናሙና የሚሰበስብ ሠራተኛ ወደ ክልል ከተሞች አይልክም፤ ይህን እንደ ጉድለት እመዘግባለሁ።

ሁለተኛው ናሙና ከሰፈሩ ነዋሪዎች የጋራ ጥልቅ ጉድጓድ የተወሰደ ነው። ወንድሞቼ «የእኛን ጉድጓድ እንደዚያ ብናስጠልቀው ችግሩ ሁሉ ያልቃል» ብለው ለቆፋሪ ቀብድ ሊከፍሉ ተዘጋጅተው ስለነበር፣ አስቀድመን የጎረቤቱን ውኃ ማየት ተገቢ መስሎን ነበር።

ውጤቱ በስምንተኛው የሥራ ቀን ደረሰ። ቃል የገቡት በአምስት ቀን ነበር። የወረቀቱ ይዘት የመለኪያው ስም፣ የተገኘው መጠንና የተፈቀደው ከፍተኛ ወሰን በሦስት ዓምድ የተደረደረበት አንድ ሰንጠረዥ ነው። በእኛ ጉድጓድ ኢ ኮላይ (ውኃው በሰገራ መበከሉን የሚያመለክት ባክቴሪያ) መገኘቱ በቀይ ተጽፎ ነበር፤ ይህ አላስደነቀንም። በናይትሬት ረድፍ ላይ ግን «18.4 ሚሊግራም በሊትር፣ ወሰን 50» ይላል። ሁላችንም ተነፈስን። እናቴም ውኃውን በደንብ አፍልታ ለሕፃኑ ወተት ልታዘጋጅበት ወሰነች።

ወረቀቱን በድጋሚ ያነበብኩት ማታ ላይ ነው። በግርጌው፣ በጣም ደቃቅ በሆነ ፊደል፣ የናይትሬቱ ልኬት በናይትሮጅን መጠን የተገለጸ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት ተመለከትኩ። የናይትሬት መጠን በሁለት መንገድ ይጻፋል። አንደኛው ሙሉውን ናይትሬት የሚመዝን ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት 50 ሚሊግራም በሊትር የሚለው ወሰን በዚህ መንገድ የተሰላ ነው። ሁለተኛው በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ የሚመዝን ሲሆን፣ በዚህኛው መንገድ ተመሳሳዩ ወሰን ወደ 11 ገደማ ይወርዳል። ናይትሬት ክብደቱ 62፣ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን 14 ስለሆነ፣ ሁለተኛውን ወደ መጀመሪያው ለመለወጥ በ4.43 ማባዛት ያስፈልጋል። 18.4 በ4.43 ሲባዛ 81.5 ይሆናል። ላቦራቶሪው መጠኑን በአንዱ መንገድ፣ ወሰኑን በሌላው መንገድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር። ከወሰኑ በእጅጉ ያለፈ ውኃ በወረቀቱ ላይ ጤናማ መስሎ ታየ።

ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም፤ ለምን እንደሆነም በዝርዝር መናገር አለብኝ። ናይትሬት በሕፃን አንጀት ውስጥ ወደ ናይትራይት ይለወጣል፤ ናይትራይት ደግሞ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን የደም ክፍል ይለውጠውና መሸከም ያቅተዋል። ከስድስት ወር በታች ያሉ፣ በተለይም በጡጦ የሚመገቡ ሕፃናት ለዚህ እጅግ የተጋለጡ ናቸው፤ ከንፈራቸውና ጥፍራቸው ይጠቁራል ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ሲጸናም ለሞት ያደርሳል። 50 የሚለው ወሰን የተቀመጠው እነዚህን ሕፃናት ለመጠበቅ ታስቦ ነው። በየቤታችን ደግሞ ለሕፃን የሚሰጥ ውኃ ሲፈላ ነው እንክብካቤ የሚባለው። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል። እንደ ውኃ አጋር ያሉ የክሎሪን ማከሚያዎችም ለጀርም የተሠሩ ናቸው፤ በናይትሬትና በፍሎራይድ ላይ ምንም አይሠሩም። እናቴ በፍጹም ፍቅር፣ ደጋግማ በማፍላት፣ የልጅ ልጇን ልትጎዳ ትችል ነበር።

በማግሥቱ ደወልኩ። ያነጋገሩኝ የክፍሉ ኃላፊ አልተከራከሩም፤ ሰንጠረዡ የተዘጋጀበት ቅጽ ስሕተት እንዳለበት አምነው በሁለት ቀን ውስጥ የታረመ ወረቀት ላኩ፤ ናሙናውንም ሳያስከፍሉ ደግመው ለኩ። ይህ አቀባበላቸው በእኔ ዘንድ ዋጋ አለው። ይሁን እንጂ ያንኑ ቅጽ ከእኛ በፊት የተቀበሉ ሌሎች ደንበኞች መኖራቸው አይቀርምና፣ ለእነርሱም እንዲያሳውቁ ጠይቄያለሁ። ማንኛውም አንባቢ የናይትሬት ውጤት ሲቀበል በየትኛው መንገድ እንደተጻፈ በግልጽ ይጠይቅ።

በዚያው ጥሪ ላይ የአዎንታዊና የአሉታዊ አዮኖችን (በውኃው ውስጥ የሟሙ፣ ኤሌክትሪክ ያላቸው ቅንጣቶችን) ሚዛን ሠርተው እንዲልኩልኝም ጠየቅሁ። በውኃ ውስጥ የሁለቱ ድምር እኩል መሆን ስላለበት፣ ልዩነቱ ከ5 በመቶ ካለፈ አንዱ መለኪያ ተሳስቷል ወይም ያልተለካ ነገር አለ ማለት ነው። የእኛው 3 በመቶ ነበር። ይህን ስሌት ማንም ደንበኛ ሳይጠይቅ በወረቀቱ ላይ ቢያወጡት መልካም ነበር።

የናይትሬቱ ምንጭ መጸዳጃው ነው ወይስ ማዳበሪያው የሚለውን በተመለከተ ባለሙያዋ የሰጠችን ማብራሪያ ጠቃሚ ነበር። የሰው ሽንት ጨው ስለሚበዛበት፣ ናይትሬት ከክሎራይድና ከኢ ኮላይ ጋር አብሮ ከፍ ካለ ጥርጣሬው ወደ መጸዳጃው ያዘነብላል፤ ናይትሬቱ ብቻውን ከፍ ካለ ወደ ማሳው ያዘነብላል። በስምጥ ሸለቆ ክሎራይድ በተፈጥሮም ሊኖር ስለሚችል ይህ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ እንዳልሆነ ደጋግማ አስጠንቅቃናለች። በእኛ ጉድጓድ ሦስቱም አንድ ላይ ከፍ ብለው ተገኝተዋል።

አሁን ወደ ጥልቁ ጉድጓድ ልምጣ፤ ከዚህ ምርመራ በሙሉ እጅግ የጠቀመን እርሱ ነውና። ጀርም የለበትም። ናይትሬቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መልኩ የጠራ፣ ሽታ የሌለው፣ ሳሙና በጥቂቱ ብዙ አረፋ የሚያወጣበት ውኃ ነው፤ የሰፈሩ እናቶች «የተባረከ ውኃ» የሚሉትም ለዚሁ ነው። ፍሎራይዱ ግን 4.6 ሚሊግራም በሊትር ሆኖ ተገኘ። የተፈቀደው 1.5 ነው። የእኛ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ 1.3 ብቻ ነበር።

ያ አረፋ ራሱ ምልክቱ ነው። በስምጥ ሸለቆ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ ፍሎራይድ ያዘለ ሲሆን፣ ውኃ ለረጅም ዘመን በውስጡ ሲቆይ ያሟሟዋል። በውኃው ውስጥ በቂ ካልሲየም ቢኖር ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞ ወደ ጠጣርነት ይለውጠው ነበር። የአካባቢው ውኃ ግን ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው። ካልሲየም ሲያንስ ውኃው ይለሰልሳል፣ ሳሙናም ያረፋል፣ ፍሎራይዱ ደግሞ የሚይዘው አጥቶ በውኃው ውስጥ ይቀራል። ውኃው በጠለቀና በሞቀ መጠን፣ ከድንጋዩ ጋር የቆየበት ጊዜ በረዘመ መጠን፣ ፍሎራይዱም ብዙውን ጊዜ ይጨምራል። ስለዚህ «ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ንጹሕ ነው» የሚለው የአባቶች አባባል ለጀርም እውነት ሆኖ ሳለ ለፍሎራይድ አይሠራም። በባንግላዴሽም ሕዝቡን ከቆሻሻ የኩሬ ውኃ ለማላቀቅ በሚል ቅን ሐሳብ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የቱቦ ጉድጓዶች ከተቆፈሩ በኋላ፣ ከከርሰ ምድሩ ደለል የሚመጣ አርሴኒክ በውስጣቸው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው፤ ከመቆፈሩ በፊት የለካ አልነበረም።

እኛ ይህን ለማወቅ ባንግላዴሽ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ለዓመታት ከጠጡት የጉድጓድ ውኃ የተነሣ የልጆቻቸው ጥርስ በልዟል፣ የብዙዎቹ ሠራተኞች አንገትና ወገብ ደርቆ መታጠፍ ተስኖታል። ፋብሪካው ፍሎራይድን ለማስወገድ የተቃጠለ የእንስሳት አጥንት ከሰልን መጠቀም የጀመረው ገና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነበር። ከወንጂ እስከ ዝዋይና ከዚያም ባሻገር የበለዘ ጥርስ ያላየ ሰው የለም። ጥርስ የሚበልዘው ከድዱ ከመውጣቱ በፊት፣ ልጁ ገና እያደገ ሳለ በሚጠጣው ውኃ ምክንያት ነው፤ ከበለዘ በኋላ ደግሞ ማጠብም ሆነ ማሸት አይመልሰውም። የአጥንቱ ጉዳት የሚታየው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው።

ወንድሞቼ ለቆፋሪው ሊከፍሉ የነበረው ገንዘብ ለምርመራ ከከፈልነው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለሁለቱ ናሙና የወጣው ወጪ ቤተሰባችን በሁለት ወር ውስጥ በጀሪካን ለሚገዛው ውኃ ከሚያወጣው ብዙም አይርቅም። ዋጋው ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ግን ከባድ መሆኑን አልክድም፤ ሦስት አራት ጎረቤት ተባብሮ አንድ ጉድጓድ ቢያስመረምር ይሻላል።

ሊለኩት ያልቻሉትም አለ። ለማሳው የሚረጨውን ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚለይ መሣሪያ የላቸውም፤ ይህንን ሳይደብቁ ነግረውናል። አርሴኒክን ወደ ሌላ ተቋም ልከው ያስለኩ ሲሆን፣ ውጤቱ ከወሰኑ በታች ሆኖ ደርሷል። የአክሬዲቴሽን (የመለካት ብቃት ዕውቅና) የምስክር ወረቀታቸው በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ነገር ግን የምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ መለኪያ እንጂ ለላቦራቶሪው በጅምላ አይደለምና፣ አባሪውን አሳዩኝ ብዬ ናይትሬትና ፍሎራይድ በዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጫለሁ። አባሪውን ያለ ምንም ማቅማማት ነበር ያወጡልኝ።

ጥልቁን ጉድጓድ የሚጠቀሙ ጎረቤቶች አሁን የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ለመግዛት እየተነጋገሩ ነው። የእንስሳ አጥንት በመሆኑ በሃይማኖት ምክንያት የከበዳቸው አሉ፤ ያንን ማክበር ያስፈልጋል። ከዚያ ባሻገር ባለሙያዋ አንድ ነገር አሳስባለች፦ ከሰሉ ፍሎራይድ ጠጥቶ ሲጠግብ የውኃው ጣዕምም ሆነ መልክ አይለወጥም፤ መጥገቡ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ስለሆነ ማጣሪያ የገዛ ሰው የምርመራውንም ወጪ አብሮ ማሰብ ይኖርበታል።

በእኛ ግቢ አሮጌው መጸዳጃ ተዘግቶ አዲሱ ዝቅ ባለው በኩል፣ ከጉድጓዱ 35 ሜትር ርቆ ተቆፍሯል። የጉድጓዱ አፍ በሲሚንቶ ከፍ ተደርጎ ክዳን ተሠርቶለታል። ለሕፃኑ የምንጠቀመው ናይትሬቱ ተለክቶ የታወቀ የታሸገ ውኃ ነው፤ የጉድጓዱን ውኃ ማንም አይጠጣም፤ ለአትክልቱ ግን ናይትሬቱ ማዳበሪያ ስለሆነው እናቴ ጎመኗን በእርሱ ታጠጣለች። በአፈሩ ውስጥ አስቀድሞ የተጠራቀመው ናይትሬት ከክረምቱ ዝናብ ጋር መውረዱን ስለሚቀጥል፣ ባለሙያዋ በመስከረም መጨረሻ ሌላ ናሙና እንድናመጣ ቀጠሮ ሰጥታናለች፤ ጠርሙሶቹ ታሽገው በእናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል።